ታድሶም ዘይት የሚበላ ሞተር፦ እንደገና ከመውረዱ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ሞተር ወርዶ፣ ፋሻ ተቀይሮ፣ ቴስታታ ተሠርቶ፣ ብዙ ብር ፈስሶበት ሲመለስ ባለቤቱ የሚጠብቀው ዘይት እየጨመሩ መንዳት እንዲቀር ነው። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ተነድቶ የዘይት መለኪያው ዘንግ ደርቆ ሲወጣ ያናድዳል። መካኒኩ «ገና ሮዳጅ (መላመጃ ጊዜ) ላይ ነው፣ ይተዋል» ይላል፤ ጎረቤት «ፋሻው አልያዘም፣ እንደገና አስወርደው» ይላል፤ ዘይት ሻጩ ደግሞ ወፈር ያለ ዘይት ያቀርባል። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን አንዳቸውም የለኩት ነገር የለም። ሞተር ሁለተኛ ጊዜ መውረድ ያለበት በልኬት የተደገፈ ምክንያት ሲገኝ ብቻ ነው። እዚያ የሚያደርሰው መንገድ ከርካሹና ከቀላሉ ተነስቶ ወደ ከባዱ ይሄዳል፤ ቅደም ተከተሉን አይዝለሉት።

ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ በየጠዋቱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ዘይቱን ይዩ። ዘይት የሚበላ ሞተር በመብላቱ ብቻ አይሞትም፤ የሚሞተው ዘይቱ ማለቁ ሳይታወቅ ሲነዳ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ቀዩ የዘይት መብራት የሚበራው የዘይቱ ግፊት ሲወድቅ እንጂ መጠኑ ሲቀንስ አይደለም። መብራቱን የጠበቀ ሰው አዲሶቹን ብሮንዚኖች ሊያጣ ይችላል።

ስንት እንደሚበላ ይለኩ

ሞተሩን በደንብ ያሙቁ፤ መኪናውን ለጥ ባለ መሬት ላይ አቁመው ያጥፉትና ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። መለኪያውን አውጥተው ይጥረጉ፣ መልሰው ይክተቱ፣ ያንብቡ፤ ከዚያ ዘይቱን ልክ እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይጻፉ። ከዚህ በኋላ የሚጨምሩትን ሁሉ በባዶ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ እየሰፈሩ ይመዝግቡ። 1,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ሁኔታ፣ እስከ ላይኛው ምልክት ሞልተው ይደምሩ።

ቶዮታን ጨምሮ የብዙ ፋብሪካዎች መመሪያ መጽሐፍ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ ሊበላ ይችላል ብሎ ጣሪያ ያስቀምጣል። ይህ ጣሪያ ፋብሪካውን ከክርክር ይጠብቀዋል፤ የጤነኛ ሞተር ልክ ግን አይደለም። በእኔ ፍርድ በወጉ የታደሰ ሞተር ሮዳጁን ከጨረሰ በኋላ በ5,000 ኪሎ ሜትር ከ1 ሊትር በላይ ሊያስጨምር አይገባም። በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ከበላ መመርመር አለበት። ከ1 ሊትር ካለፈ የሚያከራክር ነገር የለም።

ልኬቱን ከማመንዎ በፊት መለኪያው ራሱ የዚያ ሞተር መሆኑን ያረጋግጡ። ሞተር ሲታደስ የሌላ ሞዴል መለኪያ ዘንግ ወይም የዘይት ቋት መገጠሙ የተለመደ ስህተት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ዘይት በሚቀይሩበት ቀን መጽሐፉ ከነፊልትሮው የሚያዘውን መጠን በሊትር ሰፍረው ይጨምሩ፣ ሞተሩን ለአንድ ደቂቃ አስነስተው ያጥፉ፣ ጠብቀው ያንብቡ። ላይኛው ምልክት ላይ ካልዋለ መለኪያው ይዋሻል። ዝቅ አድርጎ የሚያሳይ ከሆነ ባለቤቱ ሳያውቅ አብዝቶ ይሞላል፤ የበዛውን ዘይት ክራንክሻፍቱ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋውም በሞተሩ መተንፈሻ በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ሄዶ ይቃጠላል። እንዲህ ያለ ሞተር ምንም በሽታ የለበትም፤ የሚያስፈልገው ትክክለኛ መለኪያ ነው።

ቀጥሎ ዘይቱ ወደ ውጭ እየፈሰሰ አለመሆኑን ይዩ። ሞተሩን አሳጥበው ያድርቁትና ከላይ ከቫልቭ ክዳኑ ጀምሮ በፊልትሮው መቀመጫ፣ በዘይት ግፊት አምፖሉ፣ በፊትና በኋላ በክራንክሻፍቱ ኦይል ሲሎች ዙሪያ የሕፃናት ፓውደር ይነስንሱ። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ሲመለሱ የረጠበው ቦታ ይነግርዎታል። መኪናው በሚቆምበት መሬት ላይ ጠብታ አለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም፤ ሲነዳ ብቻ የሚያፈስ ሞተር አለ፤ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ እየወሰደ በመኪናው ሆድ ላይ ይቀባዋል። ከብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ የሚያፈስ ከሆነ ግን ኦይል ሲል በኦይል ሲል ላይ አይቀያይሩ። በሞተሩ ውስጥ ግፊት ተጠራቅሞ ዘይቱን እየገፋው ሊሆን ይችላል፤ ወደሚቀጥለው እርምጃ ይለፉ።

የሞተሩን ትንፋሽ ይመርምሩ

በየትኛውም ሞተር ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፋሻዎቹ ዳር ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልሰው የመተንፈሻ ቱቦና ትንሽ ቫልቭ፣ መካኒኮች ፒሲቪ የሚሉት፣ ሲደፈን ዘይቱ መውጫ ባገኘበት ሁሉ ይሾልካል። ክፍት ሆኖ ሲቀር ደግሞ አየር ማስገቢያው ዘይቱን በቀጥታ ይስባል። የዚህ ቫልቭ ዋጋ ከኦቨርሆል ጋር ሲተያይ ኢምንት ሆኖ ሳለ፣ ሞተር ሲታደስ አሮጌው ተመልሶ የሚገጠም ዕቃ ነው። ቱቦው ውስጥ የረጋ ጥቁር ጭቃ ሳይጸዳ የሚመለስበትም ጊዜ ብዙ ነው።

ቫልቩን ነቅለው ያናውጡት፤ ኳ ኳ ካላለ ተደፍኗል። ቱቦዎቹን ይንፉ፣ ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አስተያይተው በየቦታቸው መገጠማቸውን ይዩ። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው በአፉ ላይ ስስ ወረቀት ያኑሩ። ቀስ ብሎ ከተሳበ ትንፋሹ ደህና ነው። ወረቀቱ ከተገፋ፣ ጭስም እየተፋ ከወጣ፣ ወይ መተንፈሻው ተደፍኗል ወይ በፋሻዎቹ በኩል የሚወርደው ጋዝ በዝቷል። መተንፈሻውን አዲስ አድርገው ይሞክሩ፤ ግፊቱ ካልቀነሰ ጥርጣሬው ወደ ፋሻ ያመራል።

መኪናው ቱርቦ ካለው ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የአየር ቱቦ ይፍቱ። ስስ የዘይት እርጥበት ያለ ነው፤ ዘይት ተጠራቅሞ ከተገኘ ግን ቱርቦው ተበልቷል፣ ወይም ዘይት የሚመለስበት ቱቦ ጠቧል። ጓርኒሲዮን ማጣበቂያ ሲበዛበት ይህን መመለሻ ይዘጋዋል፤ ታድሶ በወጣ ሞተር ላይ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ቱርቦ ባለው ናፍጣ መኪና ይህን ችላ ማለት ለሕይወትም ያሰጋል። ሞተሩ በቱርቦው በኩል የሚመጣለትን የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ መብላት ከጀመረ ቁልፉን ቢያጠፉትም አይቆምም፤ ፍጥነቱን እየጨመረ ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ማርሹ የእጅ ከሆነ ፍሬኑን በኃይል ይዘው በከፍተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ አንቀው ያጥፉት፤ ወደ ተከፈተ ኮፈን ግን አይጠጉ።

ጭሱ መቼ ይወጣል?

የሚቃጠል ዘይት ጭሱ ሰማያዊ ነው። ጥቁር ከሆነ የነዳጅ መብዛት ነው፤ ነጭ ሆኖ ራዲያተርዎ ውሃ እየጎደለው ከሆነ ደግሞ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ጉዳይ ነው። ከቀለሙ ይልቅ ግን ሰዓቱ ብዙ ይናገራል።

ሌሊቱን ያደረ መኪና ጠዋት ሲነሳ ቡፍ አድርጎ ሰማያዊ ጭስ ተፍቶ ወዲያው ከጠራ፣ ሌሊት በቫልቮቹ ግንድ እየተንጠባጠበ የወረደ ዘይት ነው፤ የቫልቭ ሲል ወይም ጋይድ ይጠርጥሩ። ሁለተኛው ፈተና ረጅም ቁልቁለት ይፈልጋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሾፌር ያውቀዋል፦ እግር ከነዳጅ ላይ ተነስቶ መኪናው በማርሽ ተይዞ ሲወርድ በቤንዚን ሞተር አየር ማስገቢያ ውስጥ ብርቱ መሳብ ይፈጠራል፤ ያ መሳብ በላላ ጋይድና በደረቀ ሲል በኩል ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ይጎትታል። ታች ደርሰው ነዳጅ ሲሰጡ የጭስ ደመና ከኋላ ከወጣ ዋናው ተጠርጣሪ ቴስታታው ነው። በተቃራኒው ደጀንን ሊወጡ ዳገቱን ሲይዙት፣ ሞተሩ ጭነት ላይ ሆኖ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ያለማቋረጥ የሚያጨስ ከሆነ ፋሻውና ሲሊንደሩ ናቸው።

ጭስ አለመታየቱ ዘይት አለመቃጠሉን አያረጋግጥም። የጭስ ማጣሪያ ካታሊስት ያለው መኪና ብዙ ዘይት እያቃጠለ ጭሱ ላይታይ ይችላል፤ ካታሊስቱ ግን እየተመረዘ ይሄዳል።

ካንዴላና ኮምፕሬሽን

ካንዴላዎቹን ነቅለው በየተራቸው ይደርድሯቸው። ሦስቱ ደርቀው አንዱ በጥቁር ዘይት ከራሰ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው። አራቱም እኩል ከራሱ ግን ለሁሉም የጋራ የሆነ ጉዳይ ይፈልጉ፦ መተንፈሻው፣ ሆኒንጉ (የሲሊንደሩ ግድግዳ አፋፋቅ)፣ የፋሻው ዓይነት።

ኮምፕሬሽን ሲለካ ሞተሩ የሞቀ፣ ባትሪው የሞላ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ የተነቀሉ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው የተረገጠ ይሁን፤ ነዳጁና የካንዴላው እሳት ይቋረጡ። ሞተሪኖው አምስትና ስድስት ዙር ያህል እያዞረ ንባቡ ይመዝገብ። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሞተር ያለ ጥፋቱ የሚወቀስበት ነጥብ አለ። በመጽሐፉ የተጻፈው ልኬት ለባሕር ጠለል ነው። ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለች ከተማ የአየሩ ግፊት ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል፤ ስለዚህ በጅቡቲ ወደብ 13 ባር የሚያነብ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 10 ባር ገደማ ቢያነብ ጤነኛ ነው። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይዩ፤ ከ1 ባር ካልበለጠ ጥሩ ነው።

ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ድጋሚ ይለኩ። ንባቡ በግልጽ ከወጣ ፋሻውና ሲሊንደሩ፣ ካልተነቃነቀ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ ነው። ይህን ዘይት የመጨመር ፈተና በናፍጣ ሞተር ላይ አይሞክሩት።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። «ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ነው፣ ስለዚህ ፋሻው ደህና ነው» የሚለው ፍርድ ስህተት ነው። ኮምፕሬሽን የሚይዙት የላይኞቹ ሁለት ፋሻዎች ናቸው፤ ዘይት ከሲሊንደሩ ግድግዳ የሚጠርገው በዋናነት ሦስተኛው፣ የዘይት ፋሻው ነው። እሱ ተጣሞ ወይም ተሳስቶ ቢገባ ኮምፕሬሽኑ እንደ አዲስ ሆኖ ዘይቱ ይጠፋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብዙ ዘይት እየበላ ኮምፕሬሽኑ ያማረ ሞተር፣ ቫልቮቹ ንጹሕ ከሆኑ፣ ጣት የሚያስቀስረው ወደዚህ ፋሻ ነው።

ሮዳጁ በእርግጥ ተደርጓል?

አዲስ ፋሻ ከአዲስ ግድግዳ ጋር የሚላመደው ጭነት ሲኖር ነው፤ የሚቃጠለው ጋዝ ከጀርባው እየገባ ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው ጭነቱ ነው። «አዲስ ስለሆነ ቀስ ብለህ ንዳው» የሚለው ምክር፣ በደግነት የሚሰጥ ቢሆንም፣ ጉዳት አለው። በሚኒሞ ለሰዓታት የሚሠራ፣ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ የሚንፏቀቅ አዲስ ሞተር ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ዘይት የሚይዙት ቀጫጭን ጭረቶች በተቃጠለ ዘይት ይሞላሉ፤ ፋሻው ከዚያ በኋላ አይይዝም።

ትክክለኛው ሮዳጅ ይህን ይመስላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ትራፊክ በሌለበት መንገድ በሦስተኛ ማርሽ ከ40 ወደ 70 ወይም 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጠንከር አድርገው ያፍጥኑት፤ እግርዎን አንስተው በማርሽ እንደተያዘ መልሶ ወደ 40 እስኪወርድ ይተዉት። አሥር ጊዜ ያህል ይደጋግሙት። ሲያፈጥን ፋሻው ግድግዳውን ይጫናል፤ ሲቀንስ የሚፈጠረው መሳብ ዘይት አምጥቶ ያቀዘቅዘዋል፣ የተፋቀውንም ያጥባል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በአዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ በአንድ ፍጥነት ረጅም ጉዞ አይመከርም፤ ወጣ ገባ ያለ መንገድ ይሻላል። ሙቀቱን ይከታተሉ። ዘይቱ ተራ ማዕድናዊ ይሁን። ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ከነፊልትሮው ይቀየር።

መዝገብዎ እዚህ ይፈርዳል። የሚበላው መጠን በየ500 ኪሎ ሜትሩ እየቀነሰ ከሆነ ይታገሡ። 2,000 ወይም 3,000 ኪሎ ሜትር አልፎ ካልቀነሰ «ይተዋል» የሚለው ተስፋ አብቅቷል።

ቴስታታው ከሆነ

ምልክቶቹ ወደ ቫልቭ ካመሩ ደስ ይበልዎ፤ ሞተር አይወርድም። በሲሊንደሩ ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ሞልቶ ቫልቩ እንዳይወድቅ በመያዝ ሲሎቹን ቴስታታው ሳይነሳ መቀየር ይቻላል። አዲስ ሲል ሲገባ ግን የቫልቩ ጫፍ ያለበት ጉድፍ ከንፈሩን እንዳይቀደው ጫፉን በስስ ፕላስቲክ ሸፍኖ ዘይት ቀብቶ ማሳለፍ ግድ ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ሲል ቀለማቸው ይለያያል፤ ተቀያይረው እንዳይገቡ ይዩ። ጋይዱ ላልቶ ቫልቩ ወዲያና ወዲህ የሚንገዳገድ ከሆነ አዲስ ሲል ለጥቂት ወራት ብቻ ያስታግሳል። በብዙ ሞተሮች በአየር ማስገቢያው ቫልቭ 0.08፣ በጭስ ማውጫው 0.10 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት የመጨረሻው ገደብ ነው፤ ያለፈው ጋይድ ይቀየራል።

የግድ የሚወርድ ከሆነ

ማስረጃው ሁሉ ወደ ሲሊንደር ካመራ ሞተሩ ይወርዳል፤ ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነውና ከመካኒኩ ጋር አብረው ይዩ።

መጀመሪያ የሲሊንደሩ ልኬት። ፋሻ ብቻ ቀይሮ ያለቀውን ሲሊንደር መተው የብዙ ያልተሳኩ ኦቨርሆሎች ሥር ነው። ሲሊንደር ሲያልቅ ክብነቱን አጥቶ ሞላላ ይሆናል፣ ከላይም ሰፍቶ ከታች ይጠባል፤ ክብ ፋሻ ሞላላ ግድግዳን ሊጠርግ አይችልም። ሰዓት በሚመስለው የሲሊንደር መለኪያ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ በእያንዳንዱም በሁለት አቅጣጫ፣ ስድስት ንባብ ይወሰድ። ልዩነቱ ከ0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ካለፈ ሪቦር ተደርጎ 0.25 ወይም 0.50 ከፍ ያለ ፒስተን ይገባለታል። ፒስተኑ ቀድሞ ይገዛ፣ ቶርኖ ቤቱ በፒስተኑ ልክ ይቦርብር፤ ተቦርብሮ ፒስተን ፍለጋ ሶማሌ ተራ መሄድ ክፍተቱን ለዕድል መስጠት ነው።

ሁለተኛ ሆኒንግ። ግድግዳው ላይ የተጠላለፉ ጭረቶች በ45 እና በ60 ዲግሪ መካከል ተቋርጠው መታየት አለባቸው። በእጅ በተያዘ ብርጭቆ ወረቀት ላይና ታች የተፋቀ ሲሊንደር ሆኒንግ ተደርጓል አይባልም። ከሆኒንግ በኋላ መታጠቡ ከሆኒንጉ እኩል ያስፈልጋል፤ ቤንዚንና ናፍጣ ግን የድንጋዩን ብናኝ ከጭረቱ ውስጥ አያወጡትም። የሚያወጣው ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ነው። ታጥቦ፣ ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ ሲታሸበት ጨርቁ ነጭ ሆኖ መውጣት አለበት። ግራጫ ከሆነ ያ ብናኝ አዲሱን ፋሻ ፈጥኖ ይጨርሰዋል።

ሦስተኛ ፋሻው። እያንዳንዱ ፋሻ ወደ ሲሊንደሩ ብቻውን ገብቶ የአፉ ክፍተት ይለካ፤ መጽሐፉ ከሌለ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት 0.10 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ለ80 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር 0.32 ገደማ፣ የሚያስኬድ መነሻ ነው። ምልክት ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሁን፤ ሁለተኛው ፋሻ ተገልብጦ ከገባ ዘይቱን ወደ ታች መጥረጉ ቀርቶ ወደ ላይ ያነሳዋል። በሦስት ቁራጭ በሚሠራው የዘይት ፋሻ የመሃለኛው ዘርጊ ሁለት ጫፎች ፊት ለፊት ይግጠሙ እንጂ አንዱ በአንዱ ላይ አይደራረቡ፤ ሲደራረቡ ፋሻው ጉልበት የለውም። ቀደም ብዬ ያነሳሁት፣ ኮምፕሬሽኑ አምሮ ዘይት የሚበላው ሞተር አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የፋሻ አፎች በአንድ መስመር መግጠማቸው ግን ብዙ ቢወራለትም ብቻውን እምብዛም ጥፋተኛ አይሆንም፤ ፋሻዎች ሞተሩ ሲሠራ በየጎድጓዳቸው ይዞራሉ።

አራተኛ ፒስተኑ ራሱ። በዘይት ፋሻው ጎድጓዳ ውስጥ የተጠረገው ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ቶዮታ በመጀመሪያዎቹ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ሞተሮች፣ በኋላም በ2.4 ሊትሩ 2ኤዜድ-ኤፍኢ ላይ እነዚህ መመለሻዎች ስላልበቁ ዘይቱ እየከሰለ ፋሻውን ያስር ነበር፤ ፋብሪካው ፒስተኑን አሻሽሏል፣ አሜሪካ ውስጥም ለ2ኤዜድ-ኤፍኢ ባለቤቶች ፒስተንና ፋሻ የሚቀየርበት የዋስትና ማራዘሚያ ሰጥቷል። እንዲህ ያለ ሞተር አሮጌውን ፒስተን አጥቦ በአዲስ ፋሻ ቢመለስ ችግሩም አብሮ ይመለሳል። የተሻሻለው ፒስተን ይግባለት።

የብሮንዚን ክፍተትም ይለካ። ከልክ በላይ የላላ ብሮንዚን የሚረጨው ዘይት ስለሚበዛ ጤነኛ ፋሻም ጠርጎ አይጨርሰውም። የአየር ማጣሪያውና ቱቦው ጥብቅ መሆናቸው ደግሞ በአቧራማ መንገዳችን ላይ የአዲሱን ፋሻ ዕድሜ ይወስናል፤ የተቀደደ የአየር ቱቦ ያለው መኪና አሸዋ እየበላ ነው።

ስለ ወፍራም ዘይትና ስለ ማሟያ ፈሳሾች ብዙ የምለው የለም። መጠኑን ለጊዜው ይቀንሱ ይሆናል፤ ምርመራውን ግን ያበላሻሉ። ቫልቮቹን በዘይት ግፊት በሚቆጣጠር ዘመናዊ ሞተር ላይ ደግሞ መጽሐፉ ከሚፈቅደው የወፈረ ዘይት ሌላ ችግር ይፈጥራል።

ከጋራዡ ጋር ከመዋዋልዎ በፊት እነዚህን በወረቀት ይጠይቁ፦ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ስድስት ንባቦች፣ የፒስተኑን ክፍተት፣ የፋሻውን የአፍ ክፍተት፣ የብሮንዚኑን ክፍተት፣ የተገዛውን ፋሻና ፒስተን ካርቶን፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃ። ቁጥሮቹን ሊሰጥዎ የማይችል ጋራዥ አልለካም ማለት ነው፤ ሞተርዎን ለሌላ ይስጡ።